«ተመስገን በል» ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሐኪም በሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ላይ ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ሲያስረዱ እየሰማሁ ነበር። ስለ ቀዶ ሕክምናው የተናገሩት ጥሩ ነበር። በመሃል አንድ አድማጭ ደወለ። ኦፕራሲዮን ከሆነ ወራት አልፈዋል፤ ካንሰሩም ወጥቶለታል። ግን ሰው ማየት አስጠልቶታል፤ እንቅልፍም የለውም። ሐኪሙ የመለሱለት ይህን ነው፦ «ነፍስህ ተርፋለች፣ ተመስገን በል። የእኛ ሰው እምነት ስላለው ድብርት አይጥለውም።» ከዚያ ወደ ሌላ ደዋይ ታለፈ።

በጣም ነው የተናደድኩት። እስካሁንም አልበረደልኝም።

እሺ፣ ከእምነቱ እንነሳ። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር፣ የሽንት መውጫውን ከብቦ ነው የተቀመጠው። እሱ ሲወጣ ሽንት የሚቋጥረው ጡንቻም ይነካል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሽንት የሚያወጣለት ቱቦ (ካቴተር) ከተነሳ በኋላ ሰውየው ሲያስል፣ ዕቃ ሲያነሳ፣ ከወንበር ብድግ ሲል ሽንት ያመልጠዋል። ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል። አንዳንዱ ዓመት ይፈጅበታል። ጨርሶ የማይተወውም አለ።

ይህ ሰው እሑድ ጠዋት ምን ያድርግ? ነጭ ለብሶ ሰዓታት ቆሞ ያስቀድስ? «ንጹሕ አይደለሁም» ብሎ በር ላይ ይቀራል፤ ቀጥሎ በሩ ድረስም መሄዱን ይተወዋል። ሙስሊም ከሆነ ውዱእ አድርጎ ሳይጨርስ ጠብ ይልበታል። እርግጥ ሃይማኖቱ ለእንዲህ ያለው ሰው መንገድ አለው፤ ለየሰላቱ ውዱእ እያደረገ መስገድ ይችላል። ግን ይህን ለማወቅ መጠየቅ አለበት። ለመጠየቅ ደግሞ «ሽንት ያመልጠኛል» ማለት አለበት። የሰፈር ሽማግሌ፣ የልጆች አባት፣ አስታራቂ ሆኖ የኖረ ሰው ይህን ቃል ከአፉ ማውጣት ይቀለዋል? ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ግማሽ ቀን መቀመጥም ቀረ። ማኅበሩም ቀረ። ክፍለ ሀገር ያለችውን እህቱን ለመጠየቅ አውቶብስ መሳፈርም ቀረ። ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ «ሸትቼ ይሆን?» እያለ ይሸማቀቃል። እንግዲህ ሐኪሙ ያጽናኑታል ያሏቸው ነገሮች በሙሉ ኦፕራሲዮኑ የነጠቀው ናቸው። እምነት የለውም አላልኩም። ወደሚጸልይበት ቦታ የሚያደርሰውን መንገድ ነው ያጣው። ይህን የማያይ ሐኪም ስለ እምነት ባይናገር ይሻላል።

ሌላም አለ፤ እኛ አገር በሹክሹክታ ብቻ የሚወራ። ለወሲብ የሚያገለግሉት ነርቮች ፕሮስቴቱን በሁለት በኩል ታክከው ነው የሚያልፉት። እነሱን አትርፎ መቅደድ እንደሚቻል አሜሪካዊው ሐኪም ፓትሪክ ዋልሽ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ካሳየ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ተርፈውም ግን አቅሙ እስኪመለስ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። የዘር ፈሳሽ ደግሞ ጨርሶ አይኖርም። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ቤቱ ሲገባ ምን ይመስለዋል? አለቀልኝ ብሎ አልጋ ይለያል። ሚስቱ ደግሞ የጠላት ይመስላታል። ካንሰሩ የሆርሞን መርፌ የሚያስፈልገው ከሆነም መርፌው ራሱ ያደክማል፣ በሙቀት ያነዳል፣ መንፈስን ይሰብራል። ይህም የምስጋና ማነስ ነው?

ዝምታው የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሎይድ ኦስቲን በዲሴምበር 2023 ለፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ ለፕሬዚዳንታቸው እንኳ አልተናገሩም። በኋላ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። ጦር ያዘዘ ጄኔራል እንዲህ ከተደበቀ፣ በሬዲዮ ስልክ ደውሎ «ሰው ማየት አስጠላኝ» ያለው ሰው ጀግና ነው። እኛ ግን አሳፍረን መለስነው።

ሐኪሞቻችን ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ይህን አልክድም። ግን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ፒኤችኪው-9 የሚባል ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድብርት መለያ አለ። ወደ አማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ በታካሚዎች ላይ ተፈትኗል። ነርስ በጥቂት ደቂቃ ትጨርሰዋለች። የመጨረሻው ጥያቄ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ መጥቶበት እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። ይህን ሰውየውን ሳይጠይቁ ፒኤስኤ የሚባለውን የፕሮስቴት የደም ምርመራ ውጤት ብቻ አይቶ «ጥሩ ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ ና» ማለት ግማሽ ሕክምና ነው። ሽንት የሚቋጥረውን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አለ፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይማር። ለወሲብ አቅም የሚረዳ መድኃኒት አለ። ለድብርቱም የንግግር ሕክምናና መድኃኒት አለ። ሚስቱም አብራ ትግባና ትስማ።

ፕሮግራሙም በሚቀጥለው ዝግጅት ያንን ደዋይ መልሶ ይደውልለት። ዘጠኙንም ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ያቅርብለት። ሐኪሙም ይቅርታ ይጠይቁት።