በትር ይዞ «አይዞህ»

ፈሪ በቀቀንን በእንጨት ላይ እንዲወጣ ማስለመድ ከሩቅ ለሚያየው ሰው የደቂቃ ሥራ ይመስላል፤ እንጨቱ አለ፣ ወፉ አለ፣ ወፉም እግር አለው። የቀረው የወፉ ፈቃድ ብቻ ነው፤ እሱን ለመጠየቅ ያሰበ ሰው ግን በቤቱ ውስጥ አይገኝም።

እስቲ ነገሩን ከወፉ በኩል እንየው። ከእሱ ከመቶ እጥፍ በላይ የሚከብድ ፍጡር ዐይኑን አፍጥጦ፣ በትር ይዞ ይመጣና «አይዞህ፣ አይዞህ» ይለዋል። በትር የያዘ ሰው «አይዞህ» ስላለው የተረጋጋ ማን አለ? በቀቀን በዱር ሳለ አዳኝ ወፎች የሚበሉት እንስሳ ነው፤ ዐይኖቹ በግራና በቀኝ የተተከሉትም አደጋን ከየአቅጣጫው አስቀድሞ እንዲያይ ነው። ሁለት ዐይኖቹን ከፊት ደርድሮ ትክ ብሎ የሚመለከተው እንስሳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሊበላው የመጣ ነው። ስለዚህ እኛ «በፍቅር አየሁት» የምንለውን እሱ «መዘነኝ» ብሎ ይተረጉመዋል።

ፍርሃቱንም አይደብቅም። ላባውን ከሰውነቱ ጋር ለጥፎ ይቀጥናል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ወደ ሽቦ ቤቱ ጥግ ያፈገፍጋል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ አይቶ የሚደርስበት ድምዳሜ ግን «ናቀኝ» የሚል ነው። የሰው ክብር መቼም ይደንቃል፤ አለቃው ሲንቀው ዝም ብሎ የሚውል ሰው፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ግራጫ በቀቀን ፊቱን ሲያዞርበት እልህ ይይዘውና እንጨቱን ይበልጥ ያስጠጋል።

በዚህ መሀል አማካሪ ይበዛል። ጫጩት እንኳ አሳድገው የማያውቁ አንድ አጎት «የዘንድሮን ልጅም የዘንድሮን ወፍም ያበላሸው ልመና ነው፤ ጓንት አጥልቅና አፍነህ ያዘው» ይላሉ። ምክራቸውን የተቀበለ ሰው በማግስቱ የሚያገኘው እንጨትንም፣ ጓንትንም፣ እጅንም የሚፈራ ወፍ ነው።

የሚሠራው መንገድ ለተመልካች አሰልቺ ነው። እንጨቱ መጀመሪያ ከሽቦ ቤቱ ራቅ ብሎ እንደ ማንኛውም የቤት ዕቃ ይቀመጣል፤ ወፉ በአጠገቡ ተረጋግቶ መብላትና መጫወት ሲጀምር ጥቂት ይጠጋል፤ ላባው ከተለጠፈ እንደገና ይርቃል። እንጨቱ የማያንሸራትት፣ ውፍረቱም ጣቶቹ በደንብ ሊጨብጡት የሚችሉት መሆን አለበት። ወፉ ወደ እንጨቱ ባየ፣ አንድ እርምጃም በተጠጋ ቁጥር የሚወደውን ፍሬ፣ ለምሳሌ የሱፍ አበባ ፍሬ፣ ወዲያው ያገኛል። ይኸው ፍሬ ቀኑን ሙሉ በሳህኑ ተሞልቶ ከዋለ ግን፣ ደመወዙን አስቀድሞ እንደበላ ሠራተኛ፣ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ልምምዱም ወፉ ሳይሰለች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ሰውየው ግን ገና አሁን ሞቅ ብሎታል።

ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው በአንዲት ቅጽበት ነው። እንጨቱ ከእግሮቹ ከፍ ብሎ የሆዱን ታች ቀስ ብሎ ሲነካው ወፉ ጎንበስ ይልና ምንቃሩን ያሳርፍበታል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ሊነክስ ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ ባለቤቱም ደንግጦ እንጨቱን ይነጥቃል። በቀቀን ግን ምንቃሩ ሦስተኛ እጁ ነው፤ የሚቆምበት ነገር ይሸከመው እንደሆነ በእሱ ይፈትናል። ሲፈትነው የሸሸው እንጨት ሊታመን እንደማይችል ያን ዕለት ይማራል፤ በዚህም አይፈረድበትም። እንጨቱ ሳይነቃነቅ ከጠበቀው ግን አንድ እግሩን ያነሣል፣ ሁለቱን ጣት ከፊት፣ ሁለቱን ከኋላ አድርጎ ይጨብጣል፣ ትንሽ ያስባል፣ ሌላውንም ይጨምራል።

ወፍ እምቢ ማለቱ የማይዋጥለት ሰው አሌክስ የተባለውን ግራጫ በቀቀን ያስታውስ። አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉት ተመራማሪ በ1977 እ.ኤ.አ. ገዝተው፣ በ2007 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ ከ100 በላይ ቃላት አስተምረውታል፤ እሱም ጥናቱ ሲሰለቸው «አይሆንም» ወይም «መመለስ እፈልጋለሁ» ይላቸው ነበር። የእኛው ወፍ ይህን ሁሉ ቋንቋ ስለሌለው በላባውና በምንቃሩ ይናገራል፤ እኛም ጠባየ ብልሹ እንለዋለን።

በመጨረሻ ወፉ በወጣ ማግስት እንግዳ ይጠራል። ወፉ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላባውን ይለጥፋል፤ ባለቤቱም «ትናንት እኮ ወጥቶ ነበር» እያለ ይምላል፣ እንግዶቹም በትሕትና ያመኑ ይመስላሉ። ሲሄዱ ወፉ ያለ ማንም ልመና እንጨቱ ላይ ይወጣል፤ ወጥቶም አልወርድም ይላል። የሰውየው ክንድ ይዝላል፣ እንጨቱን ዝቅ ማድረግም እንዳያስደነግጠው ይፈራል። አጎትየው ግን ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «ይህን ያህል ምን ያስጨንቅሃል? አራግፈው!» ይሉታል።