ክርክር፦ ሱሱን ላልተወ ሰው ቋሚ ቤት ይሰጠው?

በአሜሪካዋ ሲያትልና በዙሪያዋ ባለው ኪንግ ካውንቲ (የአስተዳደር ወረዳ)፣ ለዓመታት ጎዳና ላይ ለቆዩና የአእምሮ ሕመም ወይም ሱስ ላለባቸው ሰዎች ድጋፍ ያለው ቋሚ መኖሪያ ይሰጣል። ተከራዩ ገቢ ካለው ከገቢው 30 በመቶ ያህል ይከፍላል፤ መጠጥ ወይም ዕፅ እንዲተው፣ ሕክምና እንዲጀምር ግን አይገደድም። የቆይታ ገደብም የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በካውንቲው ቤት አልባ የሆኑት 16,868 ሰዎች ተብለው ተገምተዋል። አሠራሩ ትክክል ነው? ደጋፊዋ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ናቸው፤ ተቃዋሚው እንዲህ ባለ ሕንፃ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ሠርተዋል። ሁለቱም ከኢትዮጵያ መጥተው ሲያትል የሚኖሩ ናቸው።

ደጋፊዋ፦

ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሁሉ የሚለያቸው ፊቶች አሉ። እግራቸው በእርጥበት ቆስሎ ይመጣሉ። ቁስሉን አጥበን፣ መድኃኒት ሰጥተን፣ «ደረቅ ቦታ ይረፉ» ብለን እንሸኛቸዋለን። የሚሄዱት ግን ወደ ድንኳናቸው ነው። መድኃኒቱ ይሰረቃል፣ ቀጠሮው ያልፋል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ሰው በአምቡላንስ ይመለሳል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። የአእምሮ መድኃኒት የሚውጥ ሰው እንቅልፍ ስለሚጥለው፣ መንገድ ዳር ከዋጠው ወይ ይዘረፋል ወይ ይደፈራል፤ ስለዚህ አይውጠውም። «መጀመሪያ ታከም፣ ቤት ኋላ ትገባለህ» ማለት ሕክምናው በማይሠራበት ቦታ ታከም ማለት ነው።

እዚሁ ከተማችን በኢስትሌክ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ የተከፈተ ባለ 75 ክፍል ቤት አለ። ዲኢኤስሲ የተባለው ድርጅት በአልኮል ክፉኛ የተጎዱ ሰዎችን አስገባበት፤ በክፍላቸው እንዳይጠጡም አልከለከለም። «በሕዝብ ገንዘብ መጠጫ ቤት» ተብሎ ብዙ ተወገዘ። በ2009 በጃማ የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት፣ ቤቱ የገቡ 95 ሰዎችን ተራ ከሚጠብቁ 39 ጋር አነጻጸረ። ከመግባታቸው በፊት ለእስር ቤት፣ ለሆስፒታል፣ ለአምቡላንስና ለመሳሰለው በወር ለአንድ ሰው ይወጣ የነበረው መካከለኛ ወጪ 4,066 ዶላር ነበር፤ ከዓመት በኋላ 958 ዶላር ሆነ። መጠጡም ማንም ሳያስገድዳቸው ቀነሰ።

ተቃዋሚው፦

እህቴ፣ ያንን ጥናት እኔም አንብቤዋለሁ፤ ቁጥሩን ግን እስከ መጨረሻው እንናገረው። መካከለኛው የቀን መጠጥ ከ15.7 መለኪያ ወደ 10.6 ነው የወረደው። በቀን አሥር መለኪያ የሚጠጣ ሰው ጉበቱ እየሞተ ነው። ሰዎቹም የተለዩት በዕጣ አይደለም፤ የገቡት ከሚጠብቁት በሌላ ነገር ይለዩ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አንችልም።

ከሁሉ በላይ ግን ያ ጥናት የአልኮል ዘመን ጥናት ነው። ዛሬ ያለው ፈንታኒል የተባለው እጅግ ኃይለኛ አደንዛዥ ዕፅ ነው። አልኮል ሰውን በዓመታት ይገድላል፤ ፈንታኒል በደቂቃዎች፣ በተዘጋ በር ጀርባ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ2020 እና በ2021 ከተማዋ ገንዘብ በምትሰጣቸው የመኖሪያ ሆቴሎች ቢያንስ 166 ሰዎች ከመጠን ባለፈ ዕፅ መሞታቸውን የከተማዋ ጋዜጣ ክሮኒክል አጋልጧል። ጎዳና ላይ የወደቀን ሰው አላፊ አግዳሚ ያየዋል፣ ናርካን (ከመጠን ያለፈ ዕፅ የወሰደን የሚያነቃ መድኃኒት) የያዘ ይደርስለታል። ክፍሉ ውስጥ የወደቀውን ማን ያየዋል?

እኔ በሠራሁበት ሕንፃ ሌሊት ላይ የምንኖረው ሁለት ሠራተኞች ብቻ ነበርን። ነርስ የለም። አንዳችን በሩን ስንጠብቅ ሌላችን ኮሪደር ለኮሪደር እየሄድን እናንኳኳለን፤ መልስ ያልሰጠ ተኝቶ ይሁን ሞቶ አናውቅም። የነዋሪውን ጉዳይ የሚከታተሉት ሠራተኞች፣ ኬዝ ማናጀሮቹ፣ ደመወዙ ስለማይበቃቸው ቶሎ ቶሎ ይለቃሉ፤ ነዋሪው ታሪኩን ለአዲስ ሰው እንደገና ሲጀምር ይሰለቸውና ዝም ይላል። «ድጋፍ ያለው» የሚባለው ቤት ድጋፉ በወረቀት ላይ ቀርቶ ግድግዳው ብቻ ይሰጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2018 ባወጡት ሪፖርት፣ ከኤችአይቪ ሕሙማን በስተቀር ይህ አሠራር ጤናን እንደሚያሻሽል በቂ ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል።

ሌላም አለ፤ ይሄ የእኛን ሰው ይነካል። ቤቱን ለማግኘት ሕጉ የሚጠይቀው አካል ጉዳት ወይም ሕመም፣ በዚያ ላይ ቢያንስ 12 ወር ጎዳና ወይም ሼልተር (ጊዜያዊ መጠለያ) መቆየት ነው። ቤት ኪራዩ አልቻል ብሎት ሚስትና ልጆቹን ይዞ የዘመድ ሳሎን ወለል ላይ የሚያድር የታክሲ ሹፌር በፌደራሉ ቆጠራ ውስጥ እንኳ አይገባም። ይሉኝታ ጎዳና አላወጣውም፤ ስለዚህ የለም ተብሎ ይታለፋል።

ደጋፊዋ፦

ወንድሜ፣ ሳሎን ላይ ስላለው ቤተሰብ ያሉት እውነት ነው፤ ያመኛልም። ለእሱ የሚያስፈልገው ግን የኪራይ ድጎማና ርካሽ ቤት ነው፤ ኬዝ ማናጀር አይደለም። ያንን ከካውንቲው እንጠይቅ፤ ድንኳን ውስጥ ከድምፆች ጋር ከምታወራው ሴት ነጥቀን አይሁን።

በዕጣ ስላልተለዩ ላሉት፣ ካናዳ ከ2009 እስከ 2013 በአምስት ከተሞች 2,000 ያህል የአእምሮ ሕመምተኞችን በዕጣ ለይታ ሞክራዋለች። በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ሙሉውን ጊዜ ቤት ውስጥ የቆዩት፣ ቤት ከተሰጣቸው 62 በመቶ፣ በተለመደው አገልግሎት ከቀሩት 31 በመቶ ናቸው። የጠቀሱት የ2018 ሪፖርትም ሰዎቹ ቤታቸው ውስጥ ጸንተው እንደሚቆዩ አልካደም።

ስለ ሞቱት 166 ሰዎች ልከራከርዎ አልፈልግም፤ እያንዳንዳቸው የሰው ልጅ ናቸው። ግን መፍትሔው ምን ይሁን? ሱስ ካልተወ ይውጣ ካልን፣ ያው ሰው ያንኑ ፈንታኒል ድልድይ ሥር ይወስደዋል፤ ያኔ ደግሞ የሱሱን መድኃኒት ቡፕረኖርፊን ልንጀምርለት ብንፈልግ የት እናገኘዋለን? የርስዎ ቅሬታ ነርስ አለመኖሩ ከሆነ፣ ነርስ ይቀጠር።

ተቃዋሚው፦

ይውጣ አላልኩም። የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ካውንቲው ከ2021 ጀምሮ ሆቴል እየገዛ መኖሪያ ያደርጋል፤ ሌሊት ነርስ የሌለበትና ለኬዝ ማናጀሮች የሚኖሩበት ደመወዝ ያልተመደበለት ሕንፃ ግን ጭራሽ አይከፈት። በፍጥነት ብዙ ክፍል ከፈትን ብለው ሪባን ይቆርጣሉ፤ ሬሳ የምናገኘው እኛ ነን። ሁለተኛ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ተረጋግቶ የኖረ ሰው የኪራይ ቫውቸር (የኪራይ ድጎማ ወረቀት) ይዞ ወደ ተራ አፓርታማ ይሸጋገር፤ ክፍሉ ጎዳና ላይ ላለው ይለቀቅ። ቋሚ ሲባል ያ ክፍል ዕድሜ ልክ ማለት መሆን የለበትም።

ደጋፊዋ፦

በመጀመሪያው አብሬዎት እፈርማለሁ። በሁለተኛው አልስማማም። ራሱ መውጣት የፈለገ ቫውቸር ያግኝ፤ ብዙዎች ይፈልጋሉ። ቀን ቆርጦ ማስወጣት ግን የተረጋጋበትን ምክንያት መንጠቅ ነው። ስኪዞፍሬኒያ በሁለት ዓመት አያልቅም፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚውጠው ጎረቤቱና ሠራተኛው ስለሚያውቁት ነው። ክፍል ካነሰ ክፍል ይጨመር። እየዳነ ያለውን በገና ላልዳነው ማስለቀቅ የክፍሉን ቁጥር አንድም አይጨምረውም።