ቢላዋው ይቆይ፣ የደም ምርመራው ግን አይቆይም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ኢንተርሴክስ ሆነው፣ ማለትም የፆታ አካላቸው ከተለመደው የወንድ ወይም የሴት አካል ተለይቶ የተወለዱ ሰዎች፣ የፆታ አካል ቀዶ ጥገና መቼ ይሠራ በሚለው ላይ ያላቸውን አስተያየት አንድ ላይ ጨፍልቆታል። ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ ችግር ኖሮባቸው ከተወለዱ ሴቶች ብዙዎቹ በልጅነት መሠራቱን ይመርጣሉ። ሆዳቸው ውስጥ የወንድ ዘር ፍሬ ኖሮ ሰውነታቸው ግን ለአንድሮጅን (ለወንዴ ሆርሞን) ፈጽሞ የማይታዘዝ ሴቶች ዘንድ ግን መጠበቅን የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ እውነት አላቸው። ሆድ ውስጥ የቀረው የዘር ፍሬ ከጉርምስና በፊት ካንሰር የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ከወጣ ግን ኢስትሮጅን (የሴቴ ሆርሞን) ለረጅም ዓመታት መውሰድ ግድ ይላል፤ ካልተወሰደ አጥንት ይሳሳል። በሕፃንነት የተሠራ የሴት ብልት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠብቦ ድጋሚ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል፤ የቂንጥር ነርቭ ከተጎዳም ስሜቱ ላይመለስ ይችላል።

ወሎ ላይ ወላጆችን ወደ ቀዶ ጥገና የሚያጣድፈው ሌላ ነው፦ አቂቃው (የሙስሊሞች የስም ማውጫ ሥርዓት) በ7 ቀን፣ ክርስትናው ለወንድ በ40 ለሴት በ80። «የወንድ ወይስ የሴት ስም እናውጣ?» ለስም ሲባል ሕፃን አይቀደድም! በዚያ ሰሞን የሚያስፈልገው የደም ሶዲየምና ፖታሲየም ምርመራ ነው። በአድሬናል ዕጢ ችግር ሰውነቱ ጨው የሚያፈስ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ያስታውካል፣ ጡት ይተዋል፤ «ሆዱን አሞት ነው» ተብሎ የወሎ ገጠር ወረዳዎች በሆኑት ቦረና ወይም መቅደላ ከቆየ ደሴ ሆስፒታል ሳይደርስ ሊሞት ይችላል። ዕጢው ያላመረተውን ሆርሞን የሚተካውን ሃይድሮኮርቲዞን የተባለ መድኃኒት የጀመረ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው መጠኑ 2 ወይም 3 እጥፍ ይደረጋል፤ ይህን ሐኪሙ በወረቀት ጽፎ ለእናቲቱ ይስጥ።