ማስታወቂያው ላይ ደመወዙ ይጻፍ

በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር የሥራ ማስታወቂያ ከሚለጠፍበት ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያነብ ሰው አንድ ሐረግ ደጋግሞ ያገኛል፦ «ደመወዝ፦ በስምምነት»። የሥራ መደቡ ጸሐፊ ወይም የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ነው። የትምህርት ደረጃው ተዘርዝሯል፤ የሥራ ልምዱ፣ ዕድሜው፣ ጾታው፣ ተያዥ ማቅረብ የምትችል መሆኗ ሳይቀር ተጽፏል። አሠሪው ከሠራተኛዋ የሚፈልገውን ሁሉ በአሥር መስመር ይቆጥርና እሱ የሚሰጠው ላይ ሲደርስ በአንድ ቃል ያልፈዋል።

እኔ የቢሮ ሥራ የጀመርኩት በጽሕፈት መኪናና በካርቦን ወረቀት ዘመን ነው። በጸሐፊነት፣ በመዝገብ ቤትና በአስተዳደር ሥራ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ፤ የቀጠርኩም የተቀጠርኩም ሰው ነኝ። ይህ ቃል እንዲነሳ የምጠይቀው ጉዳቱን በቤቴ ስላየሁት ጭምር ነው።

የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ለደንበኞች አገልግሎት ተወዳድራ አለፈች። «ስንት ይከፈልሽ?» ተባለች። ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ናት፤ ከፍ አድርጌ ብጠራ ሥራውን አጣለሁ ብላ ፈራች። «5,000 ብር» አለች። ወዲያው «ተስማምተናል» ተባለ። ከአራት ወር በኋላ ከአጠገቧ ተቀምጦ ያንኑ ስልክ የሚያነሳው ልጅ 8,500 ብር እንደሚከፈለው ሰማች። ልጁ እዚያው ቤት የሚሠራ ጓደኛ ስለነበረው ስንት መጥራት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ከዚህ ሌላ ልዩነት አልነበራቸውም። አንደኛው ወገን ዋጋውን እያወቀ ሌላው ሳያውቅ የተዘጋ ነገር እንዴት ስምምነት ይባላል?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ደመወዙ ግን ይታወቃል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው ማሻሻያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚጀምረው ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በ2016 ዝቅተኛው 1,100 ብር እንደነበር ለሚያስታውስ ለውጡ ትልቅ ነው። ኑሮው ግን ቀድሞ ሄዷል፤ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዘይት የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ከ11,500 ብር ላይ በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት 2,100 ብር ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 805 ብር፣ ይነሳል። እጅ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። የቤት ኪራይ ከዚያ ይወጣል።

ይህን የምቆጥረው የመንግሥትን ክፍያ ለማወደስ አይደለም፤ የግል አሠሪዎቻችን ከየት እንደቆሙ እንዲያዩ ነው። ዲግሪ ያላትን ልጅ በ5,000 ብር የሚያሠራ ድርጅት የሚከፍላት በመንግሥት ቤት ዝቅተኛው እርከን ላይ ካለ ተላላኪ ያነሰ ነው። እንዲህ እየተደረገ ጥሩዎቹ ልጆች አዲስ አበባ ሄዱብን ማለት አይገባም።

ለግል ድርጅት ሠራተኛ እስካሁን በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ቢናገርም ወለሉ አልተበጀም። ይኸው አዋጅ ግን የሥራ ውል የደመወዙን መጠንና የአከፋፈሉን ሁኔታ መግለጽ እንዳለበት ይደነግጋል። ውል ላይ የግድ የሚጻፍ ቁጥር ከሆነ ማስታወቂያ ላይ የሚደበቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ጉዳይ ያነሳሁባቸው አሠሪዎች ሁለት መልስ ይሰጡኛል። አንደኛው፣ ከጻፍነው ነባር ሠራተኞች አይተው ያኮርፋሉ የሚል ነው። ይህ ነባሮቹ በአነስተኛ ክፍያ እየሠሩ መሆናቸውን ማመን ስለሆነ አልከራከርበትም። ሁለተኛው ግን ክብደት አለው፦ «ለምን ብዙ እከፍላለሁ? ብቁ ሰው የለም» ይላሉ።

እውነት አለበት። ግን ማስታወቂያው የሚጠይቀውና ሥራው የሚጠይቀው አንድ አይደሉም። ማስታወቂያው ዲግሪ፣ ሁለት ዓመት ልምድና «መሠረታዊ የኮምፒውተር ዕውቀት» ብሎ ያቆማል። ሥራው ደግሞ በቴሌብርና በባንክ የገባውን ገንዘብ ከደረሰኝ ጋር ማመሳከር፣ በኤክሴል መዝግቦ ማታ የጎደለውን ማግኘት፣ ሒሳቡን ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ላይ ማስገባት ነው። ደብዳቤ መጻፍም አለ። ብዙ ተመራቂዎች ደብዳቤ የሚጽፉት የዓምናውን ከፍተው ቀኑንና ስሙን በመቀየር ነው። «ጉዳዩ» በሚለው መስመር ላይ የተሳሳተ ነገር የተጻፈበት ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ወደተሳሳተ ጠረጴዛ ይመራል፤ እዚያም ሳምንት ያድራል። ያንን መስመር በአምስት ቃል አጥርታ የምትጽፍ ጸሐፊ ለድርጅቱ የሳምንት ሥራ ታተርፍለታለች። ይህን ችሎታ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ግን አላየሁም።

ከሁሉ በላይ ግን ማዳመጥ ነው። ጎጃም የዲማና የዋሸራ ቅኔ ቤቶች አገር ነው፤ ሰው ቅሬታውን በሰም ጠቅልሎ ይናገራል። ከአዋበል ጤፍ ሸጠው የተላከላቸው ብር ያልገባላቸው አባት አገልግሎት መስጫው መስኮት ላይ ቀርበው «ገንዘቤ ጠፋ» አይሉም። ስልካቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው «ልጄ፣ ይች ስልክ አርጅታለች መሰለኝ» ይላሉ። ያልሠለጠነ ሠራተኛ «አባባ፣ ስልክ የሚጠገነው እዚህ አይደለም» ብሎ ይመልሳቸዋል፤ እሳቸውም አመስግነው ይወጣሉ፤ ዳግመኛም አይመለሱም። የገባት ልጅ ግን ወንበር ሰጥታ «መቼ ነው የተላከልዎት?» ብላ ትጠይቃለች። በዚያች ጥያቄ አንድ ደንበኛ ከነመንደሩ ይተርፋል። እንጅባራና ዳንግላ ላይ ደግሞ አዊኛ የምትችል ሠራተኛ ሌላው ሊያደርገው የማይችለውን ታደርጋለች፤ ለዚህ ችሎታዋ አንድም ሳንቲም ሲታሰብላት አላየሁም።

ሥራው እየከበደም ነው። ቀሪ ሒሳብን የመሰለውን ቀላል ጥያቄ ዛሬ ስልኩ ራሱ ይመልሰዋል። ሰው ዘንድ የሚደርሰው ስልኩ መመለስ ያቃተው ነው፦ በስህተት ወደ ሌላ ቁጥር የተላከ ብር፣ የይለፍ ቁጥሩን ለአጭበርባሪ የሰጠ ደንበኛ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ የተናደደ ነጋዴ። አከፋፈላችን ግን አሁንም ይህንን «ስልክ ማንሳት» ብሎ ነው የሚመዝነው።

የሆቴል እንግዳ ተቀባዮችን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዳንዶቹ ከስምንት ሰዓት ሥራ በኋላ ተተኪ እስኪመጣ መቆየት እንደ ግዴታ ይቆጠራል። ሕጉ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። በጥምቀት ሌሊት ባሕር ዳር ላይ ቁልፍ የምታቀብል ልጅ ይህን ማወቅ አለባት።

ሥልጠናን በተመለከተ፣ በ2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ጥሩ ነገር ነው፤ ልጆቻችን ይውሰዱት። የኛ ቢሮዎች ጉድለት ግን ከፕሮግራም መጻፍ በፊት ያለው ነው፦ ኤክሴል፣ ደብዳቤ፣ ማዳመጥ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን እነዚህን ሦስቱን በተግባር ቢያስተምሩና አሠሪውም በተግባር ፈትኖ ቢቀጥር፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ችሎታ የሚጨምረውን ብር ቢጽፍ፣ ልጆቹ ምን መማር እንዳለባቸው ከማስታወቂያው ላይ ያነቡታል። ዛሬ ከማስታወቂያው ላይ የሚያነቡት ዲግሪ እንደሚያስፈልግ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ ዲግሪ ለመጨመር ይሯሯጣሉ።

በቅርቡ ደብረ ማርቆስ ላይ ማተሚያ ቤት ያለው አንድ ወዳጄ ማስታወቂያ እንዳረቅቅለት ጠየቀኝ። ለሁለት ዓመት ፒችትሪ የሚችል ሰው አጥቻለሁ ይል ነበር። ደመወዙ ላይ ስንደርስ ብዙ አሰበ። «ጻፈው እሺ፤ 10,000፤ ፒችትሪ ለሚችል 12,000» አለኝ። ጠዋት ተለጠፈ። ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ፤ አሥራ አንድ ሰው መጥቶ ነበር፤ ከእነሱ አራቱ ፒችትሪ ይችላሉ።