ሕዋ ላይ ስበት የለም ያለው ማነው?

ባለፈው ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የልጄ ትምህርት ቤት ከኮምፒውተር ክፍሉ ጌም የተባለ ሁሉ እንዲጠፋ ወስኗል። የመኪና ውድድሩም ተኩሱም ይጥፋ፣ አላለቅስለትም። አብሮ የተጠረገው ግን ከርባል ስፔስ ፕሮግራም ነው፣ ሮኬት ሠርተህ ወደ ሕዋ የምታበርበት ጌም። የፊዚክስ መምህሩ ራሱ የጫነው! አንድ አባት እጁን አውጥቶ «ይሄኛው እኮ ስበት ያስተምራል» ሲል ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፈገግ አሉ። «ሕዋ ላይ ምን ስበት አለና ነው የሚያስተምረው?» አዳራሹ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ።

ስበት ከሌለ ታዲያ ጨረቃን ማን ይዟት ነው? ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። የደሴ መንገድ ቀጥ ብሎ ቢቆም ማለት ነው። እዚያ ያለው ስበት እዚህ ካለው 90 በመቶ ገደማ ይሆናል። ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት ከነጣቢያቸው እየወደቁ ስለሆነ ነው። ወደ ጎን በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሮጡ፣ በወደቁ ቁጥር ምድር ከሥራቸው ትጎብጥና መሬት አያገኛቸውም። ይህን የ14 ዓመት ልጄ ያውቃል። ከየት አወቀው? ከዚያው ከተጠረገው ጌም።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ ሁላችንም አጨብጭበናል። ስትዞር የያዛት ምን ነበር? የምክትላችን ፈገግታ?

ልጄ ቤት ውስጥ አሮጌ ላፕቶፕ አለው። ጌሙ ሲከፈት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። የመጀመሪያዋ ሮኬቱ ቀጥ ብላ ወጣች፣ ነዳጇ አለቀ፣ ቀጥ ብላ ተመለሰች። ስንቴ እንደከሰከሳት እንጃ። ቀስ እያለ ወደ ጎን ማዘንበል ለመደ፣ ምኅዋር ገባ፣ ማለትም ሳይወድቅ ፕላኔቷን መዞር ጀመረ። አንድ ማታ ታዲያ ሁለት መንኮራኩር ሊያገናኝ ይታገላል። አንዷ ከፊቱ ትታየዋለች። አፍንጫውን ወደ እሷ አዞረና ሞተሩን ለቀቀው። ራቀችው። ደግሞ ለቀቀው። ባሰበት። «አባዬ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አለኝ።

አልተበላሸም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጄሚኒ 4 የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ላይ የነበረው ጄምስ ማክዲቪትም የገጠመው ይኸው ነው። ከራሱ ሮኬት የተላቀቀውን ክፍል ሊጠጋ ወደ እሱ ገፋ፣ ክፍሉ ራቀው። ነዳጁ ሲመናመን ተወው። የናሳ አብራሪ ነው እንግዲህ! ነገሩ እንዲህ ነው፦ ወደፊት ስትገፋ ምኅዋርህ ይሰፋል፣ ዙሩ ይረዝምብሃል፣ ወደ ኋላ ትቀራለህ። ከፊትህ ያለውን መድረስ ከፈለግህ ፍሬን ያዝ። ዝቅ ትላለህ፣ ዙሩ ያጥርልሃል፣ ትደርስበታለህ። ቦሌ መንገድ ላይ ብትሞክረው ከኋላህ ያለው ሚኒባስ ይገባብሃል። እዚያ ላይ ግን ሕጉ ይሄ ነው።

ሰሌዳ ላይ ይማሩት ይሉናል። እኔም ሰሌዳ ላይ ነው የተማርኩት። ፕላኔቶች እንዴት እንደሚዞሩ የሚናገሩትን የኬፕለርን ሕጎች ሸምድጄ፣ ፈተና ላይ ዘርግፌ፣ በነጋታው ረስቻቸዋለሁ። ምን ማለት እንደሆኑ የገባኝ ጎልማሳ ሆኜ፣ ከልጄ ወንበር ጀርባ ቆሜ ነው። የሽምደዳ ትምህርት ሰለባ ማየት የፈለገ ይኸው እኔን ይይ።

«የጌሙ ፕላኔት ፈጠራ ናት» ያሉም ነበሩ። አዎ፣ ከርቢን 600 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያላት ሚጢጢ ዓለም ናት፣ ነዋሪዎቿም አረንጓዴ ናቸው። እና? የሒሳብ መጽሐፉ ውስጥ 60 ሐብሐብ የሚገዛው ሰውዬ እውነተኛ ነው? እውነተኛዋን ምድር ለሚፈልግ ደግሞ ኦርቢተር የሚባል የጠፈር በረራ መለማመጃ ፕሮግራም አለ። ማርቲን ሽዋይገር የሚባል ሳይንቲስት የሠራው ነው፣ በነጻ ይወርዳል። በጀት የለም እንዳይሉን!

ሱስ ይሆናል የሚለውን እቀበላለሁ። የእኔም ልጅ የቤት ሥራውን ትቶ አምሽቶበታል፣ ተቆጥቼዋለሁ። ሰዓት ይገደብ። ሰዓት መገደብና መጥረግ ግን ምን አገናኛቸው?

ምክትላችን አንድ ማታ ቤት ብቅ ይበሉልኝ። መብራት ካልጠፋ ወንበሩን እለቅላቸዋለሁ፣ ቡናም ይፈላል። ሁለቱን መንኮራኩሮች ያገናኙልን። ወደፊት እንደሚገፉ ግን ከአሁኑ እወራረዳለሁ።