በግንባር ቀርበው ይውሰዱ

መሥሪያ ቤቶቻችን ማስታወቂያ ሲለጥፉ «ባለጉዳዮች በግንባር ቀርበው እንዲወስዱ» ይላሉ። ይህን መመሪያ ቃል በቃል ሥራ ላይ ያዋለ አንድ የሙያ ዘርፍ ብቻ አውቃለሁ፤ እሱም የሰርግ ሙዚቀኛ ነው። ሌላው ሠራተኛ ደመወዙን በባንክ ሲቀበል እሱ በግንባሩ ይቀበላል፤ ብር በብር፣ በገዛ ላቡ እየተለጠፈ፣ ቪዲዮ እየተቀረጸ። እንዲህ ያለ ግልጽ የክፍያ ሥርዓት ገንዘብ ሚኒስቴርም የለው። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ለዚህ ሥርዓት መሥራቾች፣ ለቸሮቹ የአዲስ አበባ ደጋሾች፣ እጅ ለመንሳት ነው።

የምመሰክረው ከሰሚ ሰሚ ሰምቼ አይደለም። ባለፈው ጥር የአጎቴ ልጅ ስትዳር የሰርግ ኮሚቴ ነበርኩ። «አንተ እንኳ ትጽፋለህ፣ ኪነ ጥበብ ነገር ይገባሃል» ተብዬ የሙዚቃው ጉዳይ በእኔ ላይ ተጣለ። አንድ ኪቦርድ ተጫዋች አፈላልጌ ሰፈር ካለች ካፌ ከአጎቴ ጋር አገናኘሁት። ልጁ ትሁት ነው፤ አጎቴ ሲገቡ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ያኔውኑ ገንዘቡ እንደሚበላ ገባኝ።

«ስንት ትላለህ የኔ ልጅ?»

«ከነድምጻዊው፣ ከነሳውንዱ 60,000 ነው ጋሼ። ጥር ስለሆነ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ያሉት እሁዶች ሁሉ ተይዘዋል።»

አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ከበሮ መቺ ታመጣለህ?»

«ከበሮው እዚያው ኪቦርዱ ላይ አለ ጋሼ።»

«ቤዝ የሚሉትስ?»

«እሱም ኪቦርዱ ላይ ነው።»

«ዋሽንት? ማሲንቆ?»

«ሁሉም አለው ጋሼ።»

«ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ?»

እዚህ ላይ ታሪክ የሚያውቅ ሰው አጎቴን ማድነቅ አለበት። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ሙዚቃ የሚጫወቱ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አይተው ወደዷቸውና አርባውንም ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጅ! ማደሪያው፣ ቀለቡ፣ አስተማሪው፣ ደመወዙ። አጎቴ ያኔ የአልጋ ወራሹ አማካሪ ቢሆኑ ኖሮ «ጌታዬ፣ አንዱ ይበቃል፤ እሱም ቢሆን ምን እንደሚሠራ ይጠየቅ» ይሉ ነበር፤ የሀገሪቱም ግምጃ ቤት ይተርፍ ነበር።

ወደ ዋጋው ስንመለስ፣ 60,000 ብር እንዴት 35,000 እንደሚሆን የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ቢያጠኑት ደግ ነው። «ምሳው በእኛ ነው» ሲባል 5,000 ወረደ። «ሰርጉ ላይ የሚመጣውን ሰው አታውቅም፤ ስንቱ ስልክህን ይወስዳል መሰለህ» ሲባል 10,000 ወረደ። ሦስተኛው ምት ግን የባለሙያ ነበር። አጎቴ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው፣ «ሽልማትም አለ እኮ» አሉት። «የእኛ ዘመድ ሲሸልም አላየህም። ግንባርህ አይበቃም።» ሌላ 10,000 ወረደ። ቀብድ 10,000 በሞባይል ተላከለት፤ ቀሪው 25,000 «ሰርጉ ሲያልቅ፣ እዚያው፣ በእጅህ» ተባለ። ማኪያቶውንም ልጁ ከፈለ።

መጥሪያ ካርዱ ላይ «በላይቭ ባንድ የታጀበ» ተብሎ ታተመ። ባንዱ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ድምጻዊና አንድ ፍላሽ ነበር፤ ፍላሹ ብዙውን ሠራ።

አንዳንድ የባህል ተቆርቋሪዎች «ለምን አዝማሪ አትጠሩም?» ይላሉ። አስተዋይ ደጋሽ አዝማሪ አይጠራም። ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው ያላት፤ የተጫዋቹ ምላስ ግን ሁለት ነው፣ ሰምና ወርቅ። ያንን ልጅ ያገኘው ዓይነት ውል አንድ አዝማሪ ቢያገኝ ኖሮ፣ መሀል አዳራሽ ቆሞ፣ ፈገግ እያለ፣

«ጋሼ ቸርነታቸው ይታያል ከፊቴ፣
ግንባሬ ጠገበ ጦም አደረ አንጀቴ»

ይልና እንግዳው በሳቅ ሲፈርስ አጎቴም «ይበል!» ብለው ያጨበጭቡ ነበር። የሚገባቸው የመልሱ ዕለት ነበር። የአዝማሪን ምላስ ጠላት እንኳ ያውቀዋል፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪና ጠንቋይ እየተለቀመ እንዲረሸን አዞ ነበር። እኛ እንደሱ ጨካኞች አይደለንም። ስፒከሩን ከፍ እናደርጋለን እንጂ።

ከፍ ማድረግስ እንደኛ! ድምጻዊው ምን እንደሚል የሰማ አልነበረም፤ ምግብ አስተናጋጆቹም ትእዛዝ የሚቀበሉት በምልክት ነበር። ስፒከሩ ሥር ያስቀመጥናቸው የሙሽራዋ አያት የነጠላቸውን ጫፍ ጆሯቸው ውስጥ ወትፈው ስድስት ሰዓት ሙሉ እንደ ጻድቅ ተቀመጡ። ሄጄ «ደህና ነዎት እማማ?» ብላቸው «አሜን፣ በልቻለሁ» አሉኝ። በየመሀሉ ከየጠረጴዛው እየተነሡ «ጉራጊኛ!»፣ «ትግርኛ!»፣ «ጎጃምኛ!»፣ «ኦሮምኛው የት ሄደ?» የሚሉ ነበሩ፤ ልጁም አንዱን ሳይጨርስ ወደ አንዱ ይዘላል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ አዳራሹ ውስጥ ወደ ሁለት ደቂቃ ገደማ የሰው ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ደነገጠ።

ሽልማቱ የተጀመረው ወደ አሥር ሰዓት ላይ ነው።

አጎቴ ዝም ብለው ተነሥተው አልሸለሙም። መጀመሪያ ቪዲዮ ቀራጩን ጠሩ። መብራቱ በግራ በኩል እንዲሆን አዘዙ፤ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ከዚያ ከውስጥ ኪሳቸው ባንክ የታሸገ፣ ገና ማሰሪያው ያልተፈታ እስር አወጡ። ሕዝቡ እልል አለ። የመጀመሪያዋ ባለ 200 ናት፤ ከፍ አድርገው ለካሜራው አሳዩና ምራቅ እንደነካው ቴምብር ልጁ ግንባር ላይ ለጠፏት። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ የሚከተለውን አየሁ። ከሁለተኛዋ ጀምሮ ሁሉም አሥር አሥር ብር ነው። አንድ እስር ባለ 10 ብር አንድ ሺህ ብር ይሆናል፤ ግን መቶ ጊዜ ይለጠፋል። መቶ ጊዜ! አንድ ሺህ ብር ይህን ያህል ረጅም ዕድሜ የሚያገኝበት ሌላ ገበያ ይኑር አይኑር እንጃ። ኖቱ አዲስ ስለሆነ ይንሸራተታል፤ ልጁ ግን እጆቹን ከኪቦርዱ ማንሳት ስለማይችል አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ላቡ እንዳይደርቅ እየጸለየ ይመስለኛል፣ ይጫወታል። የአዳራሹ ማቀዝቀዣ ለምን እንዳልተከፈተ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መቶኛዋ ስታልቅ አጎቴ መዝጊያ ሌላ ባለ 200 ለጠፉና ካሜራው እስኪጠጋ ድረስ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ያዟት።

ሌሎቹም ዘመዶች ተከተሉ። ከመሬት የሚለቅመው የድምጻዊው ታናሽ ወንድም ነበር፤ በፌስታል።

«በእኛ ነው» የተባለውን ምሳ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዤለት ስሄድ ቁርጥ ቆራጩ ቢላውን እየጠረገ ነበር። እንጀራና ሰላጣ ደረሰው። ልጁ ግን ምስጋናው አይጣል! «እግዜር ይስጥልኝ ጋሽዬ» አለኝ፤ ጄኔሬተሩ አጠገብ የቢራ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ ፌስታሉን እየቆጠረ። ከምጣዱ ጋር የተጣበቀ እንጀራ የሚልጥ ይመስል እርጥብ እርጥቡን ብር እርስ በርሱ ያላቅቃል። 9,640 ብር።

ቀሪ ሂሳቡን ሊጠይቅ ሲመጣ አጎቴ ግንባሩን በሐዘኔታ አዩት።

«ስንት ተሸለምክ?»

የዋህ ነውና ነገራቸው።

«አሥር ሺህ በለው እንግዲህ» አሉ ጠጋግነው። «ከ25,000 ላይ ሲነሣ 15,000 ትፈልጋለህ ማለት ነው። ዛሬ በእጄ የለም፤ ለሽልማት ስል ጨረስኩት። ሳምንት ደውል።»

ሳምንት ደወለ። ከዚያ በኋላ ለእኔም ደወለ። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጥቶ «ዋው ጋሼ! እንደዚህ ነው አባት!» እየተባለ ሲዘዋወር እኔ የልጁን ስልክ እያየሁ አላነሣም ነበር፤ እኔም ኮሚቴ ነኝና። የካቲት ላይ አፍሬ አጎቴን ቤታቸው ድረስ ሄጄ አነሣሁባቸው። ሽሮ እየበሉ ነበር። ጉርሻቸውን አቁመው ክፉኛ ተመለከቱኝ።

«ሁዳዴ ገብቷል እኮ» አሉኝ። «በጾም የዘፈን ነገር ታነሣብኛለህ?»

ሃምሳ አምስቱን ቀን በትዕግሥት ጾምኩ። ፋሲካ አልፎ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት አጎቴ ራሳቸው ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው ደስ ብሎታል። ሁለተኛዋ ልጃቸው ልትዳር ነው፤ ኮሚቴው ያው ነው።

«ያንን ኪቦርድ የሚነካ ልጅ ጥራልኝ» አሉ። «ጨዋ ልጅ ነው። ያችን 15,000 ደግሞ ለዚህኛው ሰርግ ቀብድ አድርጎ ይያዛት በለው።»