የቤታችሁን ኢንሹራንስ ዝናቡ ሳይመጣ አንብቡት

በአሜሪካ ቤት ገዝታችሁ የምትኖሩ ወገኖች፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው። ቤቱን ለመግዛት ሁለት ሥራ ሠርታችኋል፣ ሌሊት ነድታችኋል፣ ልጅ በፈረቃ አሳድጋችኋል። ቤቱን የሚጠብቀውን ውል ግን አብዛኞቻችሁ ገልጣችሁ አላያችሁትም። ክፍያው ከሞርጌጁ (ከቤት ብድሩ) ጋር አብሮ ስለሚቆረጥ "ኢንሹራንስ አለኝ" ትላላችሁ። ምን ምን ይሸፍናል ስትባሉ የምትጠሩት የኩባንያውን ስም ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ዋጋውም የሚታወቀው ውሃ ሳሎን ከገባ በኋላ ነው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ያዙ፤ መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። የመሬት መንቀጥቀጥም አይሸፍንም። እሳት፣ መብረቅ፣ ነፋስ፣ የበረዶ ጠጠር፣ ድንገት የፈነዳ ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍናል። ከደጅ መሬት ለመሬት መጥቶ በበር የገባ ውሃ ግን ከውሉ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ሃርቪ የተባለው ማዕበል ሂውስተንና አካባቢውን ሲመታ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንዳንድ ቦታ ከ60 ኢንች በላይ ዝናብ ወረደ። ውሃ ከገባባቸው ቤቶች አብዛኞቹ የጎርፍ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ባለቤቶቹ ግን የቤት ኢንሹራንሳቸውን በየወሩ ሲከፍሉ የኖሩ ሰዎች ነበሩ።

"ባንኩ አላስገደደኝም" የሚለውን መልስ ተዉት። ባንክ የጎርፍ ኢንሹራንስ እንድትገዙ የሚያስገድዳችሁ ቤቱ በመንግሥት ካርታ ላይ ከፍተኛ ሥጋት ካለበት ቀጠና ውስጥ ሲወድቅ ነው። ባንኩ የሚያስበው ለብድሩ ነው፤ ዝናብ ደግሞ ካርታ አያይም። የፌዴራል መንግሥቱ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ በሚያስተዳድረው ብሔራዊ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ለመኖሪያ ቤቱ እስከ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃው እስከ 100,000 ዶላር መግዛት ይቻላል። የቤቱና የዕቃው ሽፋን የተለያዩ ስለሆኑ ዕቃውን ለይታችሁ ካልጠየቃችሁ ሶፋውም አልጋውም ባዶ ሜዳ ላይ ነው። ውሉ በተለምዶ ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ 30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ማዕበሉ በቴሌቪዥን ሲታወጅ ስልክ ማንሳት አይጠቅማችሁም። ቤቱ እስኪጠገን የምታርፉበትን የሆቴል ወይም የኪራይ ወጪም ይህ ፕሮግራም አይከፍልም፤ ለዚያ ከራሳችሁ ማስቀመጥ አለባችሁ።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያላችሁ ደግሞ የቤዝመንት፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለው ፎቅ፣ ጉዳይ አለባችሁ። ቤዝመንቱን አሳምራችሁ፣ ወለል አንጥፋችሁ፣ ኩሽና ሠርታችሁ አከራይታችኋል። የጎርፍ ፕሮግራሙ በቤዝመንት ውስጥ የሚከፍለው ለፈርነሱ (ለቤቱ ማሞቂያ)፣ ለውሃ ማሞቂያው፣ ለኤሌክትሪክ ሳጥኑ፣ ለመሠረቱና ለመሳሰሉት ነው። ለተነጠፈው ወለልና ለተከራዩ አልጋ አይከፍልም። የፍሳሽ መስመር ወደ ኋላ ተመልሶ ወይም የውሃ መምጠጫው ፓምፕ ቆሞ ለሚመጣ ውሃ ደግሞ በቤት ኢንሹራንሱ ላይ ተጨማሪ ሽፋን ማስጨመር ያስፈልጋል። ይህ ተጨማሪ ሽፋን የሚከፍለው ከፍተኛው ገንዘብ ብዙ ጊዜ 5,000 ወይም 10,000 ዶላር ስለሆነ፣ የቤዝመንታችሁን ጥገና ይችል እንደሆነ አስሉት። ተከራይ እንዳለም ለኩባንያው ተናገሩ፤ የተደበቀ ተከራይ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ሲቀርብ ይወጣል፣ ያኔ የውሉ መሠረት ይናጋል። ተከራዩም የራሱን የተከራይ ኢንሹራንስ ይግዛ፤ በእናንተ ውል የእሱ ልብስና ላፕቶፕ አይካስም።

አሁን ወደ ጣሪያው እንሂድ፤ በቴክሳስ፣ በዳላስና በጋርላንድ የምትኖሩ የበረዶ ጠጠር በየፀደዩ ያውቃችኋል። ለነፋስና ለበረዶ ጠጠር የሚቆረጠው ዲዳክቲብል፣ ማለትም ኩባንያው ከመክፈሉ በፊት ከእናንተ ኪስ የሚወጣው ድርሻ፣ በብዙ ውሎች በፐርሰንት ነው፤ ፐርሰንቱ የሚሰላውም ከጉዳቱ ሳይሆን ቤቱ ኢንሹራንስ ከተገባበት ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ቤቱ በ400,000 ዶላር ቢመዘገብና ዲዳክቲብሉ 2 ፐርሰንት ቢሆን፣ የመጀመሪያው 8,000 ዶላር የእናንተ ነው። ጣሪያውን ለመቀየር 18,000 ዶላር ያስፈልጋል እንበል። ጣሪያው 30 ዓመት የሚያገለግል ሆኖ 15 ዓመት ከኖረ፣ ግማሹ ማለትም 9,000 በእርጅና ይቀነሳል። ከቀረው 9,000 ላይ ዲዳክቲብሉ 8,000 ሲነሳ በእጃችሁ የሚገባው 1,000 ዶላር ነው። ውላችሁ የመተኪያ ዋጋ የሚከፍል ከሆነ፣ ሥራው አልቆ ደረሰኝ ስታቀርቡ የተቀነሰው 9,000 ይመለሳል። በወቅቱ ዋጋ ብቻ የሚከፍል ከሆነ ግን በ1,000ው ያበቃል። በዓመት ጥቂት ዶላር ለማዳን የመተኪያ ዋጋውን ሽፋን ያስቀነሳችሁ፣ ዛሬውኑ ደውላችሁ ለጣሪያው የትኛው እንደተጻፈ ጠይቁ።

እቁብ የደረሳችሁ ደግሞ ብሩን ቤት አታሳድሩት። በተለመደው ውል ለጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ቢበዛ 200 ዶላር ነው። ፍራሽ ሥር የነበረ 20,000 ዶላር ከቤቱ ጋር ቢቃጠል የሚካሰው ይኸው 200 ነው። ወርቅም ብትሰረቁ በብዙ ውሎች 1,500 ዶላር ላይ ይቆማል፤ የሠርግ ወርቅ ያላችሁ አስገምታችሁ በስሙ ለይታችሁ አስመዝግቡ።

የቋንቋ ነገርም ብዙ ሰው ይጎዳል። ቧንቧ ፈንድቶ ቤት ሲሞላ ደንግጣችሁ በእንግሊዝኛው "ፍለድ ሆነ" ብላችሁ ትደውላላችሁ። በኢንሹራንስ ቋንቋ ፍለድ ማለት ከውጭ የመጣ ጎርፍ ነው፤ የደወላችሁበት ሰው እንደሰማው ይመዘግባል፣ የሚሸፈነው ጉዳት ከማይሸፈነው ተራ ይገባል። "ፎቅ ላይ ያለው የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ዛሬ ጠዋት ፈነዳ" በሉ፤ ውሃው ከየት፣ መቼ፣ እንዴት እንደመጣ ብቻ ተናገሩ። የማታውቁትን "አላውቅም" በሉ። ድምፅ ተቀድቶ ሲጠየቅ የ12 ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙት፤ አስተርጓሚ እንዲመድቡላችሁ ጠይቁ።

ጉዳት በደረሰ ሰዓት ሁለት ነገር አብሮ ይሄዳል፤ ጉዳቱ እንዳይብስ መከላከልና ማስረጃውን አለማጥፋት። ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዝጉ፣ የተቀደደውን ጣሪያ በሸራ አልብሱ፣ የሸራውንም የፓምፑንም ደረሰኝ ያዙ። ዝም ብላችሁ አስቀምጣችሁት የሻገተውን ኩባንያው በእናንተ ቸልተኝነት ያደርገዋል። ግን ምንጣፉን ነቅላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበትን መስመር በሜትር ለክታችሁ ፎቶ አንሱ፣ የፍሪጁንና የማጠቢያውን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር አንሱ፣ ከምንጣፉ አንድ ክንድ የሚያህል ቆርጣችሁ አስቀምጡ። ኩባንያው የሚልከው ጉዳት ገማች የጥራቱን ደረጃ የሚያየው ከዚያ ቁራጭ ነው። ለሠርግና ለክርስትና ካሜራ ቀጥራችሁ ታስቀርጻላችሁ፤ ቤታችሁንም በስልካችሁ 20 ደቂቃ ወስዳችሁ፣ ቁም ሳጥኑን ሁሉ ከፍታችሁ ቅረጹና ቪዲዮውን ከቤት ውጭ ለምታምኑት ሰው ላኩት።

በጎርፍ ፕሮግራሙ ያላችሁ፣ የጉዳት ማስረጃ ቅጹ ተሞልቶ፣ በመሐላ ተፈርሞ፣ ጉዳቱ በደረሰ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ገማቹ ሊያግዛችሁ ይችላል፤ ቀኑ ቢያልፍ ግን ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ካለ ደብዳቤውን አትጣሉ። መንግሥት አካባቢውን የአደጋ ቀጠና ብሎ ካወጀ፣ በ1-800-621-3362 ለፌማ ስትደውሉ የሚጠየቀው ያ ደብዳቤ ነው። የፌማ ርዳታ ቤት የሚያሠራ ገንዘብ አለመሆኑንም ዕወቁ።

ከማዕበል በኋላ በር የሚያንኳኩ ኮንትራክተሮች ይመጣሉ። "ዲዳክቲብሉን እኔ እችላለሁ" የሚላችሁን አታስገቡ፤ በቴክሳስ ይህ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2019 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። ባዶ ቦታ ባለው ወረቀት ላይ አትፈርሙ፣ ሙሉ ክፍያ ቀድማችሁ አትስጡ። ለቤቱ ጥገና የሚመጣው ቼክ በአብዛኛው የሞርጌጅ ባንኩንም ስም ይዞ ስለሚመጣ፣ ገንዘቡ ሥራው እየታየ በየደረጃው ሊለቀቅ ይችላል። ከኮንትራክተሩ ጋር የክፍያ ቀን ስትዋዋሉ ይህን አስቡ።

ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት ለምትሄዱ አንድ ነገር ይቀራል። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ እንደሆነው ቅዝቃዜ ሲመጣ ባዶ ቤት ውስጥ ቧንቧ ይፈነዳል። ውሉ እንዲከፍል ማሞቂያው እየሠራ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ዋናው ውሃ ተዘግቶ ቧንቧው ባዶ መደረግ አለበት። ማሞቂያውን አጥፍታችሁ ከሄዳችሁ ክሌሙ ሊከለከል ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት ውሃውን ዝጉ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍታችሁ አንጠፍጥፉ፣ ማሞቂያውን ዝቅ አድርጋችሁ ክፍት ተዉት፣ ለጎረቤት ቁልፍ ስጡና በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ገብቶ እንዲያይላችሁ አድርጉ።